የተዘጋ የቻይና ምግብ ቤትን ጣዕም በገዛ ማጀት ለመመለስ

በቨርጂኒያ ለብዙ ዓመታት የተመላለስኩበት አንድ የቻይና ምግብ ቤት ነበር። ከልብስ ማጠቢያ ቤት ጎን የተለጠፈ፣ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ የነበረው፣ ባል ከማጀት ሚስትም ከሒሳብ መቀበያው የማይለዩበት ቤት ነው። ልጆቻቸው ተምረው በሌላ ሙያ ስለተሰማሩ ሁለቱ ሲያረጁ ማጀቱን የሚረከብ አልተገኘም፤ አንድ ቅዳሜ ስሄድ በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ የምስጋና ወረቀት ተለጥፎ ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ምግብ በዚያው ስሙ በሌሎች ቤቶች ባዝዝም አንዱም ያ አልሆነልኝምና በቤቴ ልሠራው ተነሣሁ፤ ሁለት ዓመት ገደማም ፈጀብኝ። ያን ያህል ጊዜ የወሰደው የማብሰሉ ክብደት ሳይሆን ቅደም ተከተሉን መሳቴ ነበር፤ ይህን መመሪያ የምጽፈውም ሌላው ሰው በዚያው መንገድ እንዳይደክም ብዬ ነው።

ዋና ምሳሌ የማደርገው ግን የእኔን ሰፈር ቤት ሳይሆን ታሪኩ በይፋ የታወቀውን፣ በሚዙሪ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የነበረውን ሊዮንግስ ቲ ሃውስን ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው በወረቀት ይጀመራል

ድስት ከመጣድዎ በፊት ስለ ምግቡ የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉ። «በጣም ይጣፍጥ ነበር» የሚለው ግን ለአብሳይ የሚጠቅም ነገር ስለሌለው ይተዉት፤ የሚፈለገው ዓይን ያየው፣ ጥርስ የነካውና አፍንጫ የያዘው ነው። መረቁ ብርሃን የሚያሳልፍና የሚያብረቀርቅ ነበር ወይስ ደፍረስ ያለ? የሚያብረቀርቅ ከነበረ የወፈረው በበቆሎ ስታርች ነው፤ ደፍረስ ያለ ከነበረ የስንዴ ዱቄት ገብቶበታል ማለት ነው። ከሩዙ በላይ ይቀመጥ ነበር ወይስ ሰርጎ ወደ ሳህኑ ግርጌ ይወርድ ነበር? ሥጋው እንደ እኛ ጥብስ ይታኘክ ነበር ወይስ ጥርስ ሳይይዘው ይንሸራተት ነበር? ጣፋጭነቱ መጀመሪያ ላይ ይመጣ ነበር ወይስ ከተዋጠ በኋላ? እነዚህ ጥያቄዎች ተራ ቢመስሉም እያንዳንዳቸው ወደ አንድ የማጀት ሥራ ይመራሉ።

አብረውዎት ይበሉ የነበሩ ሰዎች ካሉ ለየብቻቸው ይጠይቋቸው፤ የእርስዎን ትዝታ አስቀድመው አይንገሯቸው። ሰው የሌላውን ትዝታ ከሰማ በኋላ የራሱን ለይቶ መናገር ይቸግረዋልና። እኔ ለረጅም ወራት የበሬ ሥጋ በብሮኮሊ የሚሉትን ምግብ ስሠራ ጉድለቱ ከስኳሩና ከሶያ ሶሱ መጠን ይመስለኝ ነበር፤ አንዱን ስጨምር ሌላውን ስቀንስ ከረምኩ። በመጨረሻ አብራኝ ትሠራ የነበረችን እኅት ብጠይቃት ስለ ጣፋጭነቱ አንዲት ቃል ሳትናገር «ሲቀርብ አፍንጫን ነካ ያደርግ ነበር» አለችኝ። ነጭ ቁንዶ በርበሬ ነበር። በማጀቴ ውስጥ እንኳን አልነበረኝም፤ በጥቁሩ እየተካሁት ነበር፤ የሁለቱ ጠረን ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ሌላው ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ጥያቄ ምግቡን የት ይበሉት እንደነበር ነው። እዚያው ተቀምጠው ከነበረ አንድ ነገር ነው፤ በነጩ የወረቀት ሣጥን ወደ ቤት ይወስዱት ከነበረ ሌላ ነው። ሣጥኑን ቻይናውያን አልፈጠሩትም፤ የቺካጎው ፍሬደሪክ ዊክስ ዊልኮክስ በ1894 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ የባሕር ዛጎል ሥጋ ለመያዣ የታሰበ ዕቃ ነበር። ትኩስ ምግብ ተጨምሮበት ክዳኑ ሲታጠፍ በእንፋሎቱ የተጠበሰው ቅርፊት ይለሰልሳል፣ መረቁም ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ለሃያ ዓመት በሣጥን ሲበላ የኖረ ሰው የሚናፍቀው ቅርፊት ለስላሳው ነው፤ ቤቱ ሠርቶት ኩርሽም ኩርሽም የሚል ጥብስ ሲያገኝም «አይደለም» ብሎ ይገፋዋል።

ቤቱ የየትኛው ዘመን ነበር?

ይህን ማወቅ ከመቶ የምግብ አሠራር ጽሑፍ ይበልጣል። አሜሪካ በ1882 ባወጣችው ሕግ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ ከልክላ እስከ 1943 ስለቆየች፣ ቀደምቶቹን ምግብ ቤቶች የከፈቱት በአብዛኛው ከዚያ በፊት ከደቡብ ቻይና ከጓንግዶንግ ግዛት፣ በተለይም ከታይሻን አካባቢ የመጡ ሰዎችና ዘመዶቻቸው ነበሩ። የእነርሱ ማጀት የካንቶን ማጀት ነው፦ የዶሮ መረቅ፣ ኦይስተር ሶስ (ከባሕር ዛጎል ሥጋ የሚሠራ ወፍራም ጥቁር ሶስ)፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ በጣም ጥቂት ቃሪያ። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በሩን ሲከፍት ከታይዋንና ከሆንግ ኮንግ ሌሎች አብሳዮች መጡ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 ቤይጂንግን ከጎበኙ በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ተመጋቢ የሁናንና የሲቹዋን ምግብ ይጠይቅ ጀመር፤ ደረቅ በርበሬ፣ ኮምጣጤና ብዙ ነጭ ሽንኩርት የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሚናፍቁት ቤት በ1950ዎቹ የተከፈተ ከነበረ በመረቁ ውስጥ ሲቹዋናዊ ቅመም መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

የምግቡ ስምም ይመሰክራል። በቦስተን አካባቢ ያደገ ሰው በሊጥ የተጠቀለለውንና በአንድ ጎኑ የተጠበሰውን ጥቅል «የፔኪንግ ራቪዮሊ» ብሎ የሚጠራው፣ በቤይጂንግ የተወለደችው ጆይስ ቼን በ1958 በካምብሪጅ ማሳቹሴትስ በከፈተችው ምግብ ቤት ለጣሊያን ምግብ የለመዱ ደንበኞቿ እንዲገባቸው ስሙን ስለሰጠችው ነው። የመጨረሻው ምግብ ቤቷ በ1998 ቢዘጋም ስሙ በከተማው አለ። በሴንት ሉዊስ ያደገ ሰው ደግሞ የእንቁላል ጥብሱን ኤግ ፉ ያንግን በነጭ ዳቦ መካከል ከማዮኔዝና ከኮምጣጤ ኪያር ጋር ይናፍቃል፤ «ሴንት ፖል ሳንድዊች» ይሉታል፤ ሌላ ከተማ ሄደው ቢጠይቁ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው አያገኙም።

በስም መታለልም አለ። ጄኔራል ሶ የተባለውን የዶሮ ምግብ የፈጠረው የሁናኑ አብሳይ ፔንግ ቻንግ ኩዌ ሲሆን በ1950ዎቹ በታይዋን ሲሠራው ጣፋጭ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ የነበሩ ሌሎች አብሳዮች ቅርፊቱን አጠንክረው ስኳር ጨመሩበት፤ ዓለም ያወቀውም ይህኛውን ነው። የቀድሞውን አሠራር ተከትሎ በልጅነቱ ገበያ አዳራሽ ውስጥ የበላውን የሚጠብቅ ሰው የሚያገኘው ጎምዛዛ ዶሮ ነው። «ትክክለኛ» የተባለው አሠራር እርስዎ የበሉት አሠራር ላይሆን ይችላል፤ እዚህ የምንፈልገው ደግሞ የበሉትን ነው።

የምግብ ዝርዝሩን ወረቀት ማግኘት ከተቻለ ግማሹ ሥራ አለቀ። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የስካርቦሮ ቅጥር ግቢ ቤተ መጻሕፍት ሃርሊ ስፒለር የተባለው ሰብሳቢ ያከማቸውን በሺዎች የሚቆጠር የቻይና ምግብ ቤቶች ዝርዝር ይዟል፤ የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ከልዩ ልዩ ምግብ ቤቶች የተሰበሰበ ሰፊ ክምችት አለው፣ ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። ሰፈር ውስጥ ለነበረ ትንሽ ቤት ግን የተሻለው ቦታ የከተማው ቤተ መጻሕፍት የአካባቢ ታሪክ ክፍል ነው፤ የድሮ ጋዜጦች ማስታወቂያና የምግብ ገጽ እዚያ ይገኛል፤ ጋዜጦቹ አልፎ አልፎ ከአብሳዮቹ ተቀብለው አሠራሩን ያትሙ ነበር። ወረቀቱን ሲያገኙ ዋጋውን እያዩ አይቆዝሙ፤ ከምግቡ ስም ሥር ያለውን ትንሿን ጽሑፍ ያንብቡ። «በቡናማ መረቅ» ይላል ወይስ «በነጭ መረቅ»? «ኤም ኤስ ጂ አንጠቀምም» የሚል ማሳሰቢያስ አለው? ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 ከባሕር አረም የለየው ይህ ቅመም፣ አንድ ሐኪም በ1968 ለሕክምና መጽሔት ከጻፈው ደብዳቤ በኋላ ያለ በቂ ማስረጃ ስሙ ጠፍቶ ስለነበር ብዙ ቤቶች ያን ማሳሰቢያ ለመለጠፍ ተገደዋል። ማሳሰቢያው ከሌለ ቅመሙ ሳይኖር አልቀረም፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም በጥቅሉ ደኅና ነው ከሚላቸው መደብ ስለሆነ ለአራት ሰው ምግብ ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል ቢጨምሩ አይፍሩ። እኔ ያለ እርሱ ለመድረስ ሞክሬ አልደረስኩም።

«እጅ» የምንለው ነገር

በእኛ ዘንድ ባለሙያዋን ሴት «እጇ ይጣፍጣል» እንላለን፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያም አንሻም። የቻይና ምግብ ቤት እጅ ግን ሲፈታ በአብዛኛው ሦስት ሥራ ሆኖ ይገኛል፤ ሦስቱንም መማር ይቻላል።

የመጀመሪያው መረቁ ነው። እነዚህ ቤቶች ከጠዋት ጀምሮ የዶሮ አጥንት የሚቀቀልበት ትልቅ ብረት ድስት ነበራቸው፤ ወደ ምግቡ ሁሉ የሚጨለፈውም ከዚያ ነው። በቤት 1 ኪሎ የዶሮ አጥንትና ክንፍ በ2 ሊትር ተኩል ውኃ፣ ከጥቂት ዝንጅብልና ከአረንጓዴ ሽንኩርት ጋር፣ አረፋው እየተገፈፈ ሳይንተከተክ በዝግታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቀቀል። ጨው አይግባበት፤ ሶሶቹ በቂ ጨው ይዘው ይመጣሉ። ውኃ ተጠቅሞ ጉድለቱን በሶያ ሶስ መሙላት ምግቡን ያጠቁረዋል እንጂ አያጣፍጠውም።

ሁለተኛው ሥጋውን ማለስለስ ነው። ለ450 ግራም በቀጭኑ ለተቆረጠ ዶሮ 1 የእንቁላል ነጭ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስታርች፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ወይም የሩዝ ወይንና ቁንጥር ጨው ተለውሶ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ምግብ ቤቶቹ ይህን ለብ ባለ ዘይት ያሳልፉታል፤ በቤት ግን ጥቂት ዘይት ጠብ በተደረገበት የፈላ ውኃ ለ40 ሴኮንድ ያህል አሳልፎ ማጥለል ይበቃል፤ ወደ መጥበሻው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ለበሬ ሥጋ በጭረቱ ተቃራኒ ከተቆረጠ በኋላ በ450 ግራም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሽቶ 20 ደቂቃ ማቆየትና በደንብ ማጠብ ያስፈልጋል። ሳይታጠብ ከቀረ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ደርሶብኝ ነው።

ሦስተኛው እሳቱ ነው። የምግብ ቤት ዎክ፣ ማለትም ጎድጓዳው የቻይና መጥበሻ፣ የሚጣድበት ነበልባል ከቤት ምድጃ ብዙ እጥፍ ስለሚያይል ያን የጭስ ጠረን ሙሉ በሙሉ ለማግኘት አይጠብቁ። የሚቻለው በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ መጥበስ ነው፦ ዘይቱ መጨስ ሲጀምር የሁለት ሰው ምግብ ብቻ ይግባ፤ የአራት ሰው ከተጨመረ መጥበሻው ይቀዘቅዝና ሥጋው በገዛ ውኃው ይቀቀላል። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ክቡ ዎክ አይቀመጥም፤ ጆይስ ቼን ታቹ ጠፍጣፋ የሆነውን ዎክ በስሟ ያስመዘገበችውም ለዚሁ ችግር ነው።

የስፕሪንግፊልዱ ካሹ ዶሮ

ዴቪድ ሊዮንግ በጓንግዶንግ ተወልዶ በ1940 ወደ አሜሪካ የመጣ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር ኖርማንዲ ድረስ የዘመተ ሰው ነበር። በ1950ዎቹ ወደ ስፕሪንግፊልድ መጥቶ በሌሎች ሰዎች ምግብ ቤት ሲያበስል ቆይቶ በ1963 የራሱን ከፈተ፤ ሊከፍት ጥቂት ሲቀረው ሕንፃው በፈንጂ ተመትቶበት ነበር፤ እርሱ ግን አስጠግኖ ከፈተው። የከተማው ሰው ቀጭን የአትክልት ጥብስ ሲቀርብለት ፊቱን እንደሚያዞር፣ በዱቄት የተጠበሰ ዶሮና ወፍራም መረቅ ግን እንደሚወድ ስላወቀ የሚወዱትን ጥብስ ጠብሶ የካንቶኑን የኦይስተር ሶስ መረቅ አፈሰሰበት፣ ካሹ የተባለውን የለውዝ ዓይነትና አረንጓዴ ሽንኩርት ነሰነሰበት። ሌሎች የከተማው የቻይና ቤቶች ተቀብለውት የከተማው መታወቂያ ሆነ። ሊዮንግስ ቲ ሃውስ በ1997 ተዘጋ፤ ልጁ በ2010 ሌላ ምግብ ቤት ከፈተ፤ ሊዮንግም በ2020 በ99 ዓመቱ አረፈ።

የሚከተለው መጠን የራሴ ነው፤ የእርሱ ነው አልልም። ለአራት ሰው 700 ግራም የዶሮ ደረት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል እየሆነ ይቆረጥ፤ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነጭ ቁንዶ በርበሬ ይነስነስበትና ሩብ ሰዓት ይቆይ። በአንድ ሳህን 200 ግራም የስንዴ ዱቄት ከ60 ግራም ስታርች ጋር፣ በሌላው 2 እንቁላል ከ120 ሚሊ ሊትር ወተት ጋር ይዘጋጅ። ዶሮው ዱቄት፣ እንቁላል፣ እንደገና ዱቄት ይልበስ። ከዚያ ወዲያው ወደ ዘይት አይክተቱት፤ በትሪ ተዘርግቶ 15 ደቂቃ ካላረፈ ልብሱ ዘይት ውስጥ ይወልቃል። ዘይቱ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይጠበስ፤ መሐሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት።

ለመረቁ 500 ሚሊ ሊትር የዶሮ መረቅ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ኦይስተር ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 2 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነጭ ቁንዶ በርበሬ አብሮ ይፍላ። 3 የሾርባ ማንኪያ ስታርች በ4 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ እየተማሰለ በቀጭኑ ይፍሰስ፤ ማንኪያውን ሲለብስ ይውጣ። በትኩሱ ድስት ስታርች በደረቁ መጨመር እብጠት እብጠት ያደርገዋልና አይሞክሩት። በመጨረሻ 100 ግራም በደረቅ መጥበሻ የታመሰ ካሹና 3 ዘንግ የተከተፈ አረንጓዴ ሽንኩርት ከላይ ይደረጋል።

ከእኛ ወገን ለሚሠራው ሰው ጥቂት ማስተካከያ ያስፈልጋል። ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ በእምነቱ የማይበላ ሰው ከእንጉዳይ የተሠራውን፣ በኤዥያ መደብሮች «ቬጀቴሪያን» ተብሎ የሚሸጠውን ሶስ በእኩል መጠን ይጠቀም፤ ልዩነቱ ከሚፈራው በታች ነው። ከአልኮል የሚርቅ ሰው የሩዝ ወይኑን በመረቅ ይተካ። በጾም ወራት ዶሮው ከሶያ በሚሠራው አይብ መሰል ቶፉ፣ እንቁላልና ወተቱ በቀዝቃዛ ውኃና በስታርች፣ መረቁም በደረቅ ሺታኬ እንጉዳይ ይለወጣል። በድሮ ቤቶች ሩዝ ጥብስ ውስጥ ይገባ የነበረው ቀዩ የአሳማ ሥጋ ግን እስካሁን ተተኪ ያጣሁለት ነገር ነው፤ በዶሮ ሠርቼ በልቼዋለሁ፣ እርሱ ነው ግን አልልም።

ሲሠሩ በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ መጠኑንም በዕለቱ ይጻፉ። ስኳርና ኮምጣጤ በአንድ ቀን ከተለወጡ የተሻሻለው በየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ቤቱን የሚያውቅ ቀማሽ ካለዎት ምግቡን ስሙን ሳይነግሩት ያቅርቡለት፤ «ይመሳሰላል?» ብለው ከጠየቁት በትሕትና አዎን ይላልና «ምን ጎደለው?» ብለው ይጠይቁት።

በወረቀትዎ ላይ «በሣጥን ወደ ቤት እወስደው ነበር» ብለው ከጻፉ ደግሞ አንድ ሥራ ይቀራል። ነጩ የወረቀት ሣጥን በምግብ ቤት ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል። ሩዙን ከሥር፣ ዶሮውን ከላይ ያድርጉ፤ መረቁን በትኩሱ ያፍሱበት፤ ክዳኑን አጥፈው፣ ፎጣ ጠቅልለውበት በጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ለእኔ ቤት ከምግብ ቤቱ እስከ ደጄ ያለው መንገድ በመኪና 12 ደቂቃ ነበር፤ እኔም ሣጥኑን የምከፍተው በ12ኛው ደቂቃ ነው።